ኔትወርክ ሲጠፋ የማይሞት ዕቃ እንሽጥ

ወደ ካርቱም መመለስ የጀመሩ ደንበኞቻችን ሰሞኑን ደጋግመው የሚጠይቁን ሁለት ዕቃ ነው፤ የሶላር መብራትና ከስልክ ጋር የሚገናኝ ካሜራ። ቤታቸው ተዘርፏል። የግድግዳው ሽቦ ሳይቀር ተመዝዞ የተወሰደበት ሰው ብዙ ነው። መብራት በአንዱ ሰፈር ገብቷል፣ በሌላው ገና ነው። ሰው በር ከመቀየሩ በፊት በሩን የሚያይለት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያው አለ።

ክርክሩ ምን ዓይነት ዕቃ እናምጣ በሚለው ላይ ነው። ከመካከላችን «አሁን ሰው እጅ ላይ ገንዘብ የለም፤ ርካሹን በብዛት እናስገባና ቶሎ እንሽጥ» የሚሉ አሉ። እኛ ከጦርነቱ በፊት ማዮ ገበያ ላይ ስንሠራ የነበርን ጥቂት ነጋዴዎች ግን አንስማማም። አለመስማማታችን ከዐዋቂነት አልመጣም። ያንኑ ርካሽ ዕቃ ያስገባነው፣ የሸጥነው፣ በኋላም የተጨነቅንበት እኛው ነን።

ማዮ ላይ እንዴት እንሸጥ ነበር

ማዮን ለማያውቅ፣ ከካርቱም በስተ ደቡብ ያለ ሰፊ ሰፈር ነው። ከደቡቡ፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር በጦርነትና በድርቅ የተፈናቀለ ሰው የሠፈረበት ነው። ሐበሻ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ዴይም ወይም ጀሪፍ ነው። ማዮ የሚመጣው ዋጋ የሚያወዳድር ነጋዴ ነበር። መስመር ያልገባለት ቤት ስለሚበዛ መብራት የሚሸጥ ሰው ገበያ አያጣም። እኛም ከጎንደር በመተማ፣ በገላባትና በገዳሪፍ አድርገን ቡናና ቅመም ይዘን እንገባለን፤ ሸጠን ባገኘነው ደግሞ ካርቱም ውስጥ ከጅምላ አከፋፋይ መብራትና ካሜራ እየወሰድን ማዮ ላይ እንቸረችራለን። ትንሽ ትንሹን ወደ መተማ የሚመልስም ነበር።

አሸሻጣችን ቀላል ነበር። ካሜራውን ከካርቶን እናወጣለን፣ በራሳችን ስልክ እናስነሳዋለን፣ ለደንበኛው ምስሉን እናሳየዋለን፣ ከዚያ ቤቱ ሄደን እንሰቅልለታለን። የይለፍ ቃሉ ፋብሪካው የሰጠው ነው። ያም ካልሆነ እኛ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቁጥር እንሰጥ ነበር። «ብትረሳው እኛ ጋ አለ» እያልን እናጽናናዋለን። ደንበኛውም ደስ ይለዋል። እኛም ጥሩ አገልግሎት የሰጠን ይመስለን ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲጀመር ከእኛ አንዱ የ23 ደንበኞችን ካሜራ በስልኩ ላይ ይዞ ነበር። ከከተማው ሲወጣ ኬላ ላይ ስልኩን ተቀማ። የትኛው ወገን እንደቀማው መናገር ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። ስልኩ አልተቆለፈም ነበር። በዚያ ስልክ ውስጥ የ23 ቤት ግቢ፣ በር፣ የአንዳንዱም ሳሎን በቀጥታ ይታያል። ማን እንዳለ፣ ማን እንደወጣ፣ ቤቱ ባዶ መሆን አለመሆኑ ሁሉ ይታያል።

ለደንበኞቹ ደውለን «ካሜራውን ንቀሉት» ለማለት ሞከርን። የአንዱ ስልክ ይጠራል፣ የሌላው ዝግ ነው። ያገኘናቸው 9 ብቻ ናቸው። በቀሩት 14 ቤቶች ምን እንደሆነ ዛሬም አናውቅም። ምናልባት ስልኩን የቀማው ሰው ሲሙን አውጥቶ ጥሎ ሸጦት ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ንግድ ውስጥ ብዙ ኪሳራ አይተናል፤ ይህን የመሰለ ግን ከዚያ በፊት አላየንም። ዕቃው ተሰብሮ ቢሆን ገንዘብ እንመልስ ነበር። ይህ በገንዘብ የሚመለስ አይደለም።

ማዮ ራሱ የደረሰበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጳጉሜን 5 ቀን 2015፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቁሮ ገበያ በአየር ተመትቶ ከ40 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ካሜራና ስለ አምፖል ማውራት ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ግን ሰው ይመለሳል፣ ቤቱን ያቀናል፣ ዕቃም ይገዛል። የሚገዛው ደግሞ ከእኛ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ስንሸጥለት እንደ መጀመሪያው መሆን የለበትም።

አስተማማኝ ማለት በእኛ አገር ምን ማለት ነው

ፋብሪካው ዕቃውን ሲሠራ ያሰበው ቤት መብራት የማይጠፋበት፣ ኢንተርኔት የማይቋረጥበት፣ ክረምት ከበጋ ሙቀቱ የተመጠነ ቤት ነው። እኛ የምንሸጥለት ቤት ሌላ ነው።

መጀመሪያ ኔትወርኩን እንይ። ሱዳን ውስጥ ግንቦት 26 ቀን 2011 በካርቱም የተቃውሞ ሠፈሩ ከተበተነ በኋላ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። ጥቅምት 15 ቀን 2014 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘጋ። በጥር 2016 መጨረሻ ዛይን፣ ሱዳኒና ኤምቲኤን በአንድ ሰሞን ጠፉ፤ አብዛኛው ሕዝብ ባንካክ መክፈት አቅቶት ዳቦ መግዣ አጣ። ድንበሩን ተሻግረን ወደ እኛ ብንመጣም ያው ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። መተማ ላይ ሆኖ ዕቃ የሚሸጥ ሰው «ኢንተርኔት ካለ ይሠራል» የሚል ዕቃ ሲሸጥ፣ ክረምት ላይ የማይሠራ ጃንጥላ እንደመሸጥ ነው።

ብዙዎቹ ርካሽ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት እንደዚያ ነው። አምፖሉን ከስልካችሁ ስታበሩት ትእዛዙ ከእናንተ ክፍል ወጥቶ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ይደርስና ተመልሶ ወደዚያው ክፍል ይገባል። መስመሩ ሲቋረጥ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ያለው አምፖል አይሰማችሁም። ካሜራውም ምስሉን የሚያስቀምጠው ውጭ ብቻ ከሆነ ሌባው በገባበት ሌሊት ኔትወርክ ካልነበረ የሚታይ ነገር የለም።

ሰርቨሩን የያዘው ድርጅት ራሱ ሊዘጋም ይችላል። ይህ አሜሪካ ውስጥ እንኳ ሆኗል። ሪቮልቭ የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ድርጅቱን ኔስት ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 አገልግሎቱ ተቋርጦ ዕቃው ባዶ ሳጥን ሆነ። ኢንስቲዮን የተባለውም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ሰርቨሩን ዘጋ፤ ሰው ጠዋት ሲነሳ አምፖሉ ከስልኩ አይታዘዝም። እነዚያ ስም ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። እኛ የምንገዛው ካሜራ ላይ ያለው ስም ግን በየመርከቡ ይቀያየራል።

ስለዚህ ፈተናችን አንድ ነው። ናሙና ስንገዛ ዕቃውን ሥራ እናስጀምረውና ሲሙን ከራውተሩ እናወጣለን። ካሜራው በኤስዲ ካርድ መቅዳቱን ከቀጠለ፣ በዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክም ማየት ከቻለ፣ አምፖሉም በግድግዳው ማብሪያ ከበራ ይገዛል። ካልሆነ ይመለሳል። ይህን ለመፈተን ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ጥር 5 ቀን 2017 የመረዌ ግድብ ማከፋፈያ በድሮን ተመትቶ ሰሜኑና ምሥራቁ ጨለማ ሲውጠው ሶላር ያለው ብቻ ስልኩን ቻርጅ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የሶላር ገበያ ደርቷል፤ የውሸቱም እንዲሁ። የካርቶኑን ጽሑፍ አትመኑ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ጥሩ ፓኔል በሙሉ ፀሐይ የሚሰጠው 200 ዋት ገደማ ነው። ስፋቱ የደብተር ያህል የሆነ ፓኔል «300 ዋት» ተብሎ ሲጻፍበት ማን እንደሚዋሽ ለማወቅ ሜትር በቂ ነው። ባትሪውም እንዲሁ ነው፤ ከተጻፈበት አቅም ጋር ሲነጻጸር ቀለል ካለ ሚዛን ላይ አስቀምጡትና ከታወቀው ጋር አወዳድሩት።

ሦስተኛው ሙቀትና አቧራ ነው። ካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ 40 ዲግሪን አልፎ ይውላል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለቤት ውስጥ ተብለው የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች መመሪያቸው ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሠሩ ተጽፏል። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ይቆያል» የተባለው ማዮ ላይ በስድስት ወር ቢሞት ፋብሪካው ብቻ አይደለም የዋሸው፤ ሙቀቱን እያወቅን የሸጥን እኛም አለንበት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ሙቀቱን በተሻለ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። አቧራን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር 6 ከሆነ አቧራ አያስገባም ማለት ነው። ሐቡብ ሲነሳ ያላየ ሰው ብቻ ነው ይህን ቁጥር የሚንቀው።

አራተኛውን ብዙዎቻችን ያወቅነው ከተሰደድን በኋላ ነው። መተግበሪያው የተመዘገበው በሱዳን ሲም ነው። ሰውየው መተማ ሲደርስ ያ ሲም ኔትወርክ የለውም። ስልኩን ተቀምቶ በሌላ ስልክ ሊገባ ሲሞክር የማረጋገጫው ቁጥር የሚላከው ወደሞተው ሲም ነው። የገዛ ቤቱን ካሜራ መክፈትም መዝጋትም አልቻለም። ድንበር የሚሻገር ሰው ዕቃውን በስልክ ቁጥር ብቻ ማስመዝገብ የለበትም። ኢሜይል ይጨመርበት፤ የኢሜይሉን የይለፍ ቃልም ራሱ ደንበኛው ይያዝ።

ቁልፉ የማን ነው

ስለ ደኅንነት ስናወራ አንዳንዱ ነጋዴ «የእኛን ደሃ ቤት ማን ሀከር ያየዋል?» ይላል። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተሰጥቷል። ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራና ራውተር እየፈለገ ፋብሪካው የሰጣቸውን 60 ያህል የመለያ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ እየሞከረ ገባባቸው። ያንን ሁሉ ዕቃ ባንድ ላይ አሰልፎ ጥቅምት ላይ ዳይን የተባለውን ድርጅት ሲመታው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት ሰው መክፈት አቃተው። ማንም ሰው የእነዚያን ካሜራዎች ባለቤት ለይቶ አልፈለገም። በሩ ክፍት የሆነውን ሁሉ ነው የገባበት። የደሃ ቤት በርም ክፍት ከሆነ ክፍት ነው።

እንግሊዞች ይህን በሕግ ከለከሉ። ከእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ አገር የሚሸጥ ከኢንተርኔት የሚገናኝ ዕቃ ለሁሉም አንድ የሆነ የይለፍ ቃል ይዞ መውጣት አይችልም። የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጠው መጻፍ አለበት። ችግር ያገኘ ሰው ለማን እንደሚያመለክትም መገለጽ አለበት። እኛ ለንደን አንሸጥም። ግን ለለንደን የሚላከውን የሚሠራው ፋብሪካ ለእኛም ይሠራል። «ለእንግሊዝ የምትልከውን ዓይነት ስጠኝ» ማለት እንችላለን። ካልጠየቅነው የቀረውን ለእኛ ይጭናል።

ከሀከሩ ይልቅ ግን የሚያሰጋን ቅርብ ያለ ሰው ነው። ካሜራውን የሰቀለው ነጋዴ፣ ቤቱን ያከራየው ሰው፣ የተፋታ ባል፣ ስልኩን የቀማ ወታደር። ከነዚህ የሚጠብቀው ውድ መሣሪያ አይደለም። የአሠራር ልማድ ነው። ካሜራውን ስናስረክብ በደንበኛው ስልክ ላይ፣ በደንበኛው ስም፣ ደንበኛው ራሱ በመረጠው ቃል ይከፈት፤ እኛም ዞር ብለን እንቁም። ከእኛ ስልክ ላይ መጥፋቱን ደንበኛው በዐይኑ ይይ። «ብረሳውስ?» ካለ ዕቃው ላይ ያለችውን የመመለሻ ቀዳዳ አሳዩት፤ በስፒል ተጭኖ ከዜሮ ይጀምራል። ያገለገለ ካሜራ የምንሸጥ ከሆነም መጀመሪያ በዚያችው ቀዳዳ ከዜሮ ይጀምር፣ የቀድሞው ባለቤትም ከመተግበሪያው ይሰርዘው። አንዳንዱ ዕቃ የቀድሞው ባለቤት እስኪለቀው ድረስ ለሌላ አይከፈትም፤ ይህን ሳናጣራ ብንገዛ ኪሳራው የእኛ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳንናገር አናልፍም። በካርቱም ቤቶች ውስጥ ሠራተኛ የነበሩና አሁንም የሆኑ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ባሕር ማዶ ያሉትም እንዲሁ። «የሠራተኛዋ ክፍል ውስጥም አንድ ስቀልልኝ» ያለን ደንበኛ አጋጥሞናል። ከእኛ መካከል የሰቀለም አለ። ሴት ልብስ የምትቀይርበትና የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ካሜራ መስቀል ሐራም ነው፣ ነውርም ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠራ ያው ነው። ሰው ገንዘቡን ይዞ ሌላ ሱቅ ቢሄድ ይሂድ። የእኛ እጅ ግን አይስቀለው። በር ላይ፣ ግቢ ውስጥና ሱቅ ውስጥ ሲሰቀልም እዚያ የምትሠራው ልጅ ካሜራ መኖሩን በቋንቋዋ ይነገራት።

ኢትዮጵያ ውስጥ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰውን ምስልና መረጃ መያዝ ኃላፊነት እንዳለው አሁን ሕግም ይላል። የደንበኛን ካሜራ በስልካችን ይዘን መዞር «አገልግሎት» የሚባልበት ዘመን አልፏል ብለን እናምናለን።

ትርፉስ?

ንግድ ነውና ወደ ሒሳቡ እንመለስ። «ጥሩ ዕቃ አይሸጥም» የሚለው ክርክር እውነት የሚመስለው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ስንቆጥር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መብራት በ1,000 ብር ገዝተን በ1,300 ብር ብንሸጥ ከ10 መብራት 3,000 ብር እናተርፋለን። ከ10ሩ 3ቱ ተበላሽተው ቢመለሱና ብንቀይር ግን 3,000 ብሩ ሄደ፤ ለትራንስፖርትና ለጀማርክ ያወጣነውም ከኪሳችን ነው። በ1,600 ብር ገዝተን በ2,000 ብር የሸጥነው ከ10ሩ 1ዱ ቢመለስ 2,400 ብር እጃችን ላይ ይቀራል። «እኛ አንቀይርም» የሚል ነጋዴ ሒሳቡ ከዚህ የተሻለ ይመስለዋል። እሱ ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው፤ የሸጠለት ሰው ሁለተኛ አይመለስም፣ ጎረቤቱንም ይዞ ይቀራል። በማዮ ገበያ ማስታወቂያ የለም። ያለው የሰው አፍ ነው።

እርግጥ ነው 2,000 ብር አንድ ጊዜ አውጥቶ የሚከፍል ሰው ጥቂት ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነውና በምክር አይታለፍም። ኬንያ ውስጥ ኤምኮፓ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የቤት ሶላር በትንሽ የዕለት ክፍያ ሸጧል። ሰው በኤምፔሳ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ዕቃው ይቆለፋል፤ ከፍሎ ሲጨርስ የራሱ ይሆናል። አሁን ከቻይና የሚመጡ የሶላር ሳጥኖች ውስጥ ይህን ቁልፍ አብረው የያዙ አሉ፤ ከእኛም መካከል ሊሞክሩት የሚያስቡ አሉ።

ሐሳቡን አንቃወምም። ግን የካርቱም ሰው ይህን ነገር ከኬንያ በፊት ያውቀዋል። ቤታችን ያለው የመብራት ቆጣሪ ቅድሚያ የሚከፈልበት ነው። ከፍለህ 20 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጥሃል፣ ቆጣሪው ላይ ትመታለህ፣ መብራት ይመጣል። ቆጣሪው ራሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ቁጥሩን በስልክ ብታስነብበው፣ በወረቀት ቢላክልህ ያው ይሠራል። በእኛ ግምት ካርቱም ውስጥ ከነበሩት «ስማርት» ዕቃዎች ሁሉ ለአገሩ የሚስማማው እሱ ነበር። ሆኖም ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ቁጥሩን የሚሸጠው ሲስተም ቆመ፤ ገንዘብ ያለው ሰውም መብራት መግዛት አቃተው። ዕቃው ደኅና ነበር። የሞተው መሐል ላይ ያለው ነው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። በዱቤ የምንሸጠው ሶላር የሚከፈተው በኢንተርኔት ሳይሆን በሚመታ ቁጥር ይሁን። ደግሞም ባንካክ ወይም ቴሌብር ሲቋረጥ የሰው ቤት እንዳይጨልም የመጠባበቂያ ቁጥር ቀድመን እንስጥ፤ ለምሳሌ የአንድ ወር። «ሳይከፍል ቢጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። የሚጠፋ ይኖራል። ግን ኔትወርክ በጠፋበት ሳምንት ልጆች ያሉበትን ቤት መብራት ከሩቅ የቆለፈ ነጋዴ ከዚያ ወዲያ እዚያ ሰፈር አይገባም። ዕዳ ሲቀር ገንዘብ ነው። ስም ሲሄድ ግን ሱቁም አብሮ ይሄዳል።

የሚነሱብን መልሶች

ይህን ሐሳብ በሻይ ሰዓት ስናነሳ ሦስት መልስ ይመጣብናል።

አንዱ «ዘራፊ ጦር ባለበት አገር የይለፍ ቃል ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። ልክ ነው፤ ጠመንጃ የያዘን ሰው የይለፍ ቃል አያቆመውም። ግን ሌላው ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አስቀድሞ እንዲያይ እኛ ስልካችን ላይ ማዘጋጀት የለብንም። የምንችለው ይህን ያህል ነው፤ የምንችለውን ደግሞ እንድናደርግ እንገደዳለን።

ሁለተኛው «እኛ ካላስገባን ሌላው ያስገባዋል» የሚለው ነው። ያስገባል። ጎንደር ላይም ገዳሪፍ ላይም ርካሹ አይጠፋም። ግን ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ እንዲመርጥ የሚያደርግ ሻጭ ያስፈልጋል። አሁን ያለው ችግር ርካሽ መኖሩ አይደለም። ርካሹና ደኅናው በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ በአንድ ዓይነት ውሸት መሸጣቸው ነው።

ሦስተኛው «ይህ ሁሉ ለትልልቅ አስመጪዎች ነው፣ እኛ በሻንጣ የምናመላልስ ነን» የሚል ነው። ይህኛው ትንሽ ያሳምመናል፤ እውነትነት አለውና። ብቻውን የሚሄድ ነጋዴ ፋብሪካን መጠየቅ አይችልም። አምስት ሆነን አንድ ላይ ብናዝ ግን ናሙና መጠየቅ፣ መለዋወጫ ባትሪ አብሮ እንዲላክ መዋዋል፣ የሬዲዮ ሞገድ ያለው ዕቃ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን ማጣራት ይቻላል። በኬላ የሚወረስ ዕቃ ርካሽ አይባልም።

ከዛሬ ጀምሮ

እኛ ማዮ ላይ የነበርነው ይህን ለማድረግ ተስማምተናል፤ እናንተም እንድትገቡበት እንጠይቃለን።

ኢንተርኔቱ ተነቅሎ ያልተፈተነ ካሜራም ሆነ አምፖል አንሸጥም።

የደንበኛ የይለፍ ቃል በስልካችን፣ በደብተራችን፣ በራሳችንም ውስጥ አንይዝም።

ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር በአማርኛና በዓረብኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት እንሰጣለን፤ እንዴት ከዜሮ እንደሚጀመር፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ፣ ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ምን መንቀል እንዳለበት የሚናገር።

ለሸጥነው የስድስት ወር ዋስትና እንሰጣለን፤ ባትሪውንም እየቀየርን እንሸጣለን፣ ሙሉውን ዕቃ አናስጥልም።

ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ አንሰቅልም።

ያላገኘናቸውን 14 ደንበኞች ደግሞ አሁንም እየፈለግን ነው። አንዳንዱ ግብፅ፣ አንዳንዱ ጁባ፣ አንዳንዱ ወደ ማዮ ተመልሶ ይሆናል። ከ2014 እስከ 2015 መጀመሪያ ማዮ ገበያ ላይ ከሐበሻ ነጋዴ ካሜራ የገዛ ሰው የምታውቁ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ንገሩልን፦ ካሜራው ዛሬም ተሰቅሎ ካለ መጀመሪያ ከመብራቱ ይንቀለው፣ ቀዳዳዋን በስፒል ተጭኖ ከዜሮ ያስጀምረው፣ አዲስ ቃልም ለራሱ ብቻ ይስጠው። ለዚህ እኛን ማግኘት አያስፈልገውም። ካገኘን ግን ይቅርታ ልንጠይቀው እንፈልጋለን።

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው፣ ወይም ሒሳባችን ስሕተት ነው የሚል፣ በአማርኛም በዓረብኛም ይጻፍልን። መንገዱ ሲከፈት ሁላችንም ጭነን እንነሳለን፤ የምንጭነውን አሁን እንስማማበት።